ከጀርባዋ የቆመው ቴሌቪዥን

«እባክሽ ሲስተር፣ ቴሌቪዥኑን ከጀርባዋ አድርጉልን። እሷ እንዳታየው ብቻ።»

ያሱሂዴ ይህን በስልክ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ጫማ መደርደሪያው አዙሮ ነበር። ግን ቶኪዮ ውስጥ በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ምስጢር አለኝ ብሎ ባይመካ ይሻለዋል፤ ክፍልን ከክፍል የሚለየው ወረቀት የለበሰ ተንሸራታች በር ነው። እናቱ ሂሳኖ ከበሩ ማዶ ተንበርክካ የተኛችበትን ፍራሽ እያጠፈች ነበር። መጀመሪያ ስለ ቤታቸው ቴሌቪዥን የሚያወራ መሰላት፤ የጠዋቱን ተከታታይ ድራማ አንድ ቀን እንኳ አስታጉላ ስለማታውቅ፣ ይሄ ደግሞ ምን አገባው ብላ ልትቆጣ ዳድቷት ነበር። ቀጥሎ ያለውን ስትሰማ ግን የፍራሹን ጫፍ እንደያዘች ቀረች። «ታውቂ የለ፣ እሷ እንደ ሌላው በሽተኛ አይደለችም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጨጓራ ስታይ ነው የኖረችው። ካየች አለቀ። ከዚያ በኋላ ቁስለት ነው ብንላት አታምነንም።» ብዙ ጊዜ «ይቅርታ»፣ ብዙ ጊዜ «አደራ» አለና፣ ማንም በማያየው ስልክ ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ዘጋው።

ሂሳኖ ፍራሹን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተች። ተናዳለች። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጨጓራውም የራሷ ነው፤ የጎረቤት ጓዳ ልይ አላለችም። ግን በቤታቸው ሰው ተናደደ ተብሎ አይጮኽም፤ ንዴት እንደ ፍራሹ ታጥፎ ይቀመጣል። ፀጉሯን ነካ ነካ አድርጋ ወደ መመገቢያው ክፍል ወጣች። ምራቷ ካዮኮ ሾርባውንና የተጠበሰውን ዓሣ አቅርባለች፤ ሩዙ ገና እንፋሎቱ ይወጣል። ሂሳኖ ከትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እህል እንዳትቀምስ ታዛለች።

«እማዬ፣ እርስዎ ሳይበሉ እኛ ፊትዎ መብላታችን ነውር ነው» አለች ካዮኮ።

«ብሉ ባክሽ። የእኔ ሆድ ዛሬ እንግዳ ስለሚቀበል ነው የተጠረገው።»

ካዮኮ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ያሱሂዴ አልሳቀም። ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ይዞ ዓሣውን ሳያይ በላ። የሚሠራው በወረዳው ውኃ ክፍል ነው፤ ለሠርጉ እንኳ ከሁለት ቀን በላይ ዕረፍት ያልወሰደ ሰው ዛሬ እናቱን ለማድረስ ብሎ ሙሉ ቀን ፈቃድ ጠይቋል። ይህ ራሱ ለሂሳኖ ከበቂ በላይ ይነግራታል። ባለፈው ወር የወረዳው የራጅ መኪና ወደ ሰፈራቸው መጥቶ፣ ኖራ የመሰለውን ፈሳሽ ጠጥታ ራጅ ከተነሣች በኋላ «ትንሽ ጥላ አለ፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ» የሚል ወረቀት ደርሷታል። ወረቀቱን የከፈተው ልጇ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ደግ ሆኗል፤ ካዮኮ የመታጠቢያውን ውኃ መጀመሪያ ለእሷ ትለቃለች፣ ያሱሂዴም ሲገባ ሲወጣ «ደከመሽ ወይ?» ይላል። የደግነት መብዛትን የመሰለ የሚያስፈራ ነገር የለም።

ሲወጡ ሰኔው እንደ ልማዱ ያንጠባጥባል። ካዮኮ በሚያምር ወረቀት የተጠቀለለ ሣጥን ለባሏ አስያዘችው፤ ለዶክተሩ የሚሰጥ ሜሎን የሚሉት ውድ ፍሬ ነው፤ ሦስት ሺህ አምስት መቶ የን ያወጣ። አውቶቡስ ውስጥ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱ ጃንጥላዎች መሬቱ ላይ ኩሬ ሠሩ።

«ሦስት ሺህ አምስት መቶ?» አለች ሂሳኖ ሣጥኑን በዓይኗ እየመዘነች። «በዚህ ዋጋስ መታከም ያለበት ሜሎኑ ነው።»

«የሁሉም ሰው ልማድ ነው እኮ እማዬ።»

«አውቃለሁ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሜሎኑን የምንበላው እኛ ነበርን። ዶክተሮቹ ሰልችቷቸው ወደ ጨለማ ክፍሉ ይልኩልኝ ነበር።»

ያሱሂዴ ፈገግ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር፤ «ጠዋት ከማን ጋር ነበር የምታወራው?» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣም። ይህ በመካከላቸው ያለው ዝምታ የዛሬ አይደለም፤ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ቤት መሐል እንደ ዕቃ የተቀመጠ ነው፤ ሁለቱም እየዞሩት ያልፋሉ።

ሂሳኖ እዚህ ሆስፒታል ሥራ ስትጀምር ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። በዚያን ጊዜ የሰውን ሆድ ውስጥ በቀጥታ የሚያይ ዓይን አልነበረም። በሽተኛው ጫፉ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ካሜራ ያለችበት ቱቦ ይውጣል፤ ክፍሉ ይጨልማል፤ ዶክተሩ በሆዱ ቆዳ ላይ ፈካ የምትለውን ብርሃን እያየ፣ ካሜራዋ አሁን እዚህ ጋ ደርሳለች ብሎ በግምት ያነሣል። ምን እንዳነሣ አያውቅም። ከጫማ ማሰሪያ የማይሰፋው ፊልም ወደ ሂሳኖ ጨለማ ክፍል ይመጣል፤ ታጥበዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ መብራት ላይ ትዘረጋዋለች። እንግዲህ የዚያን ሰው ጨጓራ ከሰው ሁሉ ቀድማ የምታየው እሷ ነበረች ማለት ነው፤ ከዶክተሩ ቀድማ፣ ከባለቤቱማ ጭራሽ። ሐኪም አይደለችም፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ግን በቀን ሠላሳ አርባ ጨጓራ ያየ ዓይን ሳይወድ በግዱ ይማራል። ፊልሙን ገልብጣ ብትይዘው እንኳ፣ ቀኙ ግራ ቢሆንባት አትሳሳትም ነበር። ኋላ ከቀጫጭን የመስተዋት ክሮች የተሠራው ቱቦ መጣና ዶክተሮቹ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በአንዱ እያጮለቁ በቀጥታ ማየት ጀመሩ። ያኔም ቢሆን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሐኪም ወረፋ ይጠብቃል፤ ዶክተሩም ፊቱን ቱቦው ላይ ስለሚደፋ ምን እንዳየ ከፊቱ የሚያነብ የለም። ፊልሙ ግን አልቀረም ነበርና የሂሳኖም ሥራ አልቆመም። ከአምስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ጡረታ ስትወጣ ጨለማ ክፍሉን የሚረከብ ሰው አልተቀጠረም። አሁን ደግሞ በቱቦው ጫፍ ላይ ከጥፍር የምታንስ የኤሌክትሪክ ዓይን ተተክላ ያየችውን በሽቦ ወደ ቴሌቪዥን ትልካለች ይባላል፤ የምትልከውም በካሴት ይቀዳል። ፊልም የለ፣ ማጠብ የለ፤ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያል። ከአንድ ሰው በቀር ማለት ነው።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ያው አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ሽታውም ያው ነው። የእሷ ጨለማ ክፍል በር ተከፍቶ፣ ውስጡ እስከ ጣሪያው የካሴት መደርደሪያ ሆኗል። ዋና ነርሷ ፉሳኤ በሩ ላይ ተቀበለቻት። ሃያ ዓመት አብረው ምሳ የበሉ፣ አንዷ የሌላዋን የሠርግና የለቅሶ ልብስ የምታውቅ ጓደኛሞች ናቸው።

«ሂሳኖ እህቴ! ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ካለች በኋላ ቃሉ ስላስደነገጣት፣ «አምሮብሻል ማለቴ ነው» ብላ አስተካከለች።

«ከስቼ ካማረብኝማ ቀድሜ መክሳት ነበረብኝ። አዲሱ ቴሌቪዥናችሁ እንዴት ነው?»

«የቱ ቴሌቪዥን?»

«ስንት አላችሁ?»

ፉሳኤ ጎንበስ ብላ የሌለ ወረቀት ከመሬት ለማንሣት ሞከረች። ሂሳኖ አዘነችላት። የመደበቁ ሥራ ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው፤ እሷም ስለሠራችው ታውቀዋለች።

ማደንዘዣውን ጉሮሮዋ ላይ ይዛ ቆየች፤ ትከሻዋ ላይ መርፌ ወጓት፤ በግራ ጎኗ አስተኟት። ዶክተር ኢናጋኪ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ነው፤ ቱቦ ላይ አንገቱን ሳያጣምም የሠለጠነ የመጀመሪያው ትውልድ። ከኋላው ሦስት ወጣት ሐኪሞች ተሰልፈዋል። ቴሌቪዥኑ ከዶክተሩ ትከሻ ጎን ይቆም የነበረ መሆኑን መሬቱ ላይ ያሉት የጎማ ምልክቶች ይናገራሉ፤ ዛሬ ግን ከነሽቦው ተጎትቶ ከሂሳኖ ጀርባ ቆሟል፤ ዶክተሩ በእሷ ላይ አሻግሮ ነው የሚያየው። አፏ ውስጥ የፕላስቲክ ቀለበት አደረጉላት፤ መብራቱ ደበዘዘ፤ ቱቦው ገባ። እንባዋ መጣ። ለማስመለስ ታገለች፤ ፉሳኤ ጀርባዋን አሻሸችላት። ትንፋሿ ሲረጋ ዓይኗን ገለጠች።

ከዶክተሩ ኋላ፣ ቱቦዎቹ የሚሰቀሉበት ባለመስተዋት ቁም ሳጥን አለ። ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር መስተዋት። በዚያ መስተዋት ላይ፣ በሁለት ወጣት ሐኪሞች መካከል፣ ከጀርባዋ ያለው ቴሌቪዥን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግራው ቀኝ ሆኗል፤ እሷን ግን ይህ መቼ አስቸግሯት ያውቃል! ቴሌቪዥኑን ያዞሩት ሰዎች ምስሉ ዞሮ የት እንደሚያርፍ አላሰቡም፤ እሱን ከእሷ ለመደበቅ ተጣድፈው በፊቷ አንጠልጥለውታል።

አየችው። የራሷን ጨጓራ። የተላጠ ኮክ የመሰለ ግድግዳ፣ በእርጥበት የሚያብለጨልጭ፣ የሚንቀሳቀስ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲንቀሳቀስ አይታ አታውቅም፤ የእሷ ጨጓራዎች ሁሉ ቆመው የቀሩ ነበሩ። አንድ አፍታ ፍርሃቷን ረሳችና ደስ አላት፤ ውስጧ እንዲህ የሚያምር አልመሰላትም ነበር። ከዚያ ቱቦው ዞረ፤ ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ የአሥር የን ሳንቲም የሚያህል ዝቅ ያለ ቦታ መጣ። እጥፋቶቹ ወደ እሱ እየመጡ በድንገት ይቆማሉ፤ ጫፋቸውም አይጥ እንደበላው ሹል ብሏል። ቁስለት እንዲህ አያደርግም። ዶክተሩ ሰማያዊ ቀለም ረጨበት፤ ቀለሙ እንደ ዝናብ ውኃ በጎድጓዳው ተኝቶ ጠርዙን አወጣው። ከወጣቶቹ ሐኪሞች አንዱ «አ…» ብሎ አፉን ያዘ። ዶክተር ኢናጋኪ አሳለ። ድሮ የሚያየው አንድ ሰው ስለነበር የሚዋሸውም አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን አምስት ሰው አንድ ላይ አይቶ አምስት ሰው አንድ ላይ መዋሸት አለበት። 

ሂሳኖ አልደነገጠችም ማለት ውሸት ነው።  ግን የለመደ ዓይን ባለቤቱ ቢደነግጥም ሥራውን አይተውም። ሰማያዊው ቀለም ከጎድጓዳው ወደ ላይ፣ እንደ ቀጭን ጅራት ወጣ ብሎ ሌላ ትንሽ ቦታ ላይ ሲጋደም አየችው። ዶክተሩ ግን ከታች በኩል ናሙና ቆንጥሮ፣ ያንን አልፎ ቱቦውን መሳብ ጀመረ። ተመለስ! ልትለው ፈለገች፤ አፏ ታስሯል። ጣቷን አነሣች። ፉሳኤ ጣቷን ያዘችና «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ሊያልቅ ነው» አለቻት።

ኮሪደሩ ላይ አስቀመጧት። ማደንዘዣው ጉሮሮዋን እስኪለቅ ለአንድ ሰዓት ውኃ እንኳ መጠጣት የለባትም። ያሱሂዴ አጠገቧ ነበር፤ የሜሎኑ ሣጥን ጭኑ ላይ። ብዙም ሳይቆይ ፉሳኤ ብቅ ብላ፣ «የሞሮዙሚ ቤተሰብ፣ ለአፍታ ብቻ» ብላ በቤተሰብ ስማቸው ጠራች። ቤተሰብ ማለት ታማሚዋን አይጨምርም። ካንሰር ለቤተሰብ ይነገራል፣ ለታማሚው ቁስለት ይባላል፤ በየትም መጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚያከብረው ሕግ ነው። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ነው። ያሱሂዴ ተነሣ፤ «የክፍያው ነገር ይሆናል» አላት ሳያያት። በሩ ተዘጋ።

ብቻዋን ስትቀር ንዴቷ አልነበረም። በምትኩ የመጣው ኬንኪቺ ነው፤ ባሏ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ፊልሙን ያጠበችው እሷ ነች። እርጥቡን አንሥታ መብራት ላይ ስታደርገው፣ ከዶክተሩም ከማንም ቀድማ አወቀች፤ በጨለማው ክፍል ውስጥ ጥርሷን ነክሳ አለቀሰችና ፊቷን ታጥባ ወጣች። ማታ ለሃያ አንድ ዓመት ልጇ «አባትህ ከጠየቀህ ቁስለት ነው በለው፤ ዓይንህን እንዳትሰብር» አለችው። አምስት ወር ሙሉ ኬንኪቺ ቁስለቱ መቼ እንደሚድን እየተናገረ፣ በፀደይ ዓሣ ሊያጠምድ የሚሄድበትን ወንዝ እየመረጠ ሞተ። ለእሱ ብዬ ነው ትል ነበር ሂሳኖ። ዛሬ ጠዋት ከወረቀቱ በር ማዶ ሆና ሌላ ነገር ገባት፤ እንዲህ ሲደረግ ሰው በራሱ ቤት ውስጥ እንግዳ ይሆናል። ሁሉም ያውቅልሃል፣ ሁሉም ፈገግ ይልልሃል፣ አንተ ብቻህን ትቀራለህ። ኬንኪቺን ለአምስት ወር ብቻውን አድርጋው ነበር። ይህን ስታስብ ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች።

በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችው። ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ከነማጫወቻው፣ ያልተፈታው ሜሎን፣ በእርሳስ የተሣለ ጨጓራና በመሐሉ የተሰመረ መስመር፤ እስከዚህ ይቆረጣል ማለት ነው። ያሱሂዴም ዶክተሩም በአንድ ላይ ተነሡ።

«ወይዘሮ ሞሮዙሚ፣ ጉሮሮዎ ገና ነው፣ ትንሽ አረፍ ቢሉ…»

«የደነዘዘው ጉሮሮዬ ነው፤ ዓይኔ ደኅና ነው» አለች። ምላሷ አልታዘዝ ብሎ ድምፅዋ ወፍሮ ወጣ።

«ቁስለት ነው እማዬ» አለ ያሱሂዴ፣ ትምህርቱን ሳይጠየቅ እንደሚደግም ተማሪ። «ትንሽ ከረር ያለ ቁስለት ነው። በቀዶ ጥገና…»

«ያሱ፣ ቁጭ በል።» ራሷም ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ዶክተር፣ ቱቦ የምትሰቅሉበት ቁም ሳጥን መስተዋቱን ጥሩ አድርገው የሚወለውሉ ሰዎች አሏችሁ። ሁሉንም አየሁ።»

ዶክተር ኢናጋኪ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው፤ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ግንባሩ ቀላ። ሊናገር አስቦ ወደ ያሱሂዴ አየ፤ ፈቃድ ፍለጋ። ያሱሂዴ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«እሱን አይዩት» አለች ሂሳኖ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። አጥሩ የእኔ ነው። ካሴቱን መልሰው ያጫውቱልኝ፤ የማሳይዎ ነገር አለ።»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ያስተማርሽኝ?» አለ ያሱሂዴ በድንገት። ጮኾ አያውቅም ነበር፤ አሁንም ጮኸ አይባልም፤ ድምፁ ብቻ ተሰነጠቀ። «ዓይንህን እንዳትሰብር አላልሽኝም? አባዬ ጠይቆኛል እኮ። አንቺ ልብስ ልታመጪ ቤት የሄድሽ ቀን፣ እጄን ይዞ፣ ያሱ አንተ እንኳ ንገረኝ አለኝ። ቁስለት ነው አልኩት። ዓይኔንም አልሰበርኩም። እሺ ብሎ እጄን ለቀቀኝና ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ምንም አልጠየቀኝም። ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ደግሞ…» ጨረሰ ማለት አይደለም፤ አቆመ።

ሂሳኖ ይህን ሰምታ አታውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ከልጇ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ይህን ተሸክሞ እንደሚገባና እንደሚወጣ አላወቀችም። አባቱ ባዶውን ተስፋ ሲያወራ ከልቡ የመሰላትም ስሕተቷ ነበር፤ ጠይቆ፣ ተዋሽቶ፣ ለእነሱ ብሎ የተወው ነው። ዶክተሩ የእርሳሱን ሥዕል ያይ ነበር። ውጭ የአንድ ሰው ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ መልሶ ተጠራ።

«አስተምሬሃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ክፉ ትምህርት ነበር። የሁላችንም ልማድ ነው ብዬ ነው። አባትህን ሁለታችንም እያለን ለብቻው ሸኘነው፤ አንተንም ለብቻህ አስቀረሁህ። ይቅር በለኝ ያሱ።»

ያሱሂዴ መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያዘው። ዶክተር ኢናጋኪ ማንንም ሳይጠይቅ እጁን ዘርግቶ ማጫወቻውን ተጫነ።

ምስሉ መጣ፤ አሁን ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ነው። ሂሳኖ ወንበሯን አስጠጋች። ሰማያዊው ቀለም ሲፈስ «እዚህ ጋ» አለች፤ ዶክተሩ አቆመው። «ከታች ያለውን አይተውታል፤ ናሙናም ወስደዋል። ይህችን ግን ይዩልኝ፤ ወደ ላይ የምትሄደውን። ቀለሙ እዚህ ጋ ተጋድሟል። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን እንዲህ ያለውን ብዙ አጥቤያለሁ፤ በሽታው የሚሸሸው ጠርዙ ያለቀ ሲመስል ነው።» ዶክተሩ መልሶ አጫወተው፤ ቀርቦ አየ፤ እንደገና መለሰው። ሦስተኛው ላይ ላጲስ አነሣና የእርሳስ መስመሩን አጠፋ፤ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ሌላ አሰመረ። «እኔ አላየሁትም ነበር» አለ። ለመናገር የሚከብድ ቃል ነው፤ በተለይ ለሐኪም፤ ስለዚህ ሂሳኖ ወደደችው። «በዚህ ሳምንት ሌላ ናሙና ከላይ በኩል እንወስዳለን። የመጨረሻውን የሚናገረው ናሙናው ነው፤ ግን ዓይን ያየውን አልክድዎትም። ጥልቅ አይመስልም።»

«እኔም ጥልቅ አልመሰለኝም። ግን ሲቆርጡ አይሣሡልኝ፤ ለጨጓራ ብለው እኔን እንዳያጡኝ።»

«አልሣሣም።»

እንደ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ይነጋገሩ ነበር። ያሱሂዴ ይህን ሁሉ ጊዜ ያየው የሜሎኑን ሣጥን ነበር። ቴሌቪዥኑን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። ሂሳኖ ይህን ካየች ቆይታለች።

«ያሱ፣ ና ወዲህ።»

«ይቅርብኝ እማዬ።»

«ና።»

መነጽሩን አድርጎ መጣ፤ አጠገቧ ቁጢጥ አለ፤ ድሮ ልጅ ሳለ ተከታታይ ፊልም ለማየት እንደሚቀመጠው። እጁን ያዘችው፤ ቀዝቃዛ ነው። አመልካች ጣቱን አወጣችና የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ አኖረችው፤ መስተዋቱ ሞቅ ያለ ነበር። ጣቱን በጣቷ እየመራች ጠርዙን በዝግታ አዞረችው፤ ከታች ጀምራ፣ በጎድጓዳው ዙሪያ፣ ወደ ላይ የምትሸሸዋን ጅራት ጨምራ፣ እስከ መጨረሻው።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እንግዲያ ምን እንደሆነ ንገረኝ።»

«አንቺ ታውቂው የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ። ካንተ ልስማው።»

 ወደ ዶክተሩ አየ፤ ዶክተሩ ግን ሆን ብሎ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። በሞሮዙሚ ቤት ይህ ቃል ለታማሚው ራሱ ተነግሮ አያውቅም። ያሱሂዴ ጣቱን ከመስተዋቱ ላይ ሳያነሣ፣ ፊቱን ወደ እናቱ አዞረ፤ ዓይኑ ሞልቷል፤ ቢሆንም ከዓይኗ አልነቀለውም።

«ካንሰር ነው፣ እማዬ።»

«እሺ» አለችው። «ሰማሁ ልጄ።»